ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር

ከባለቤቴ ከሲሳይ ጋር አብረን ከሠራነው የመጨረሻ ሆኖ የሚታወሰኝ ከመኪና መውረዳችን ነው። ቆቦ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ልንገዛ ሄደን፣ እንደ ልማዱ ቁልቁለት ፈልጎ አቆመ፤ ሞተሩ አልነሳ ካለ ተንደርድሮ እንዲነሳ ነው። ከዚያ ወርዶ በፊት በኩል ዞረና የእኔን በር በትከሻው ወደ ላይ ደግፎ ከፈተልኝ። የእኔ በር ከውስጥ አይከፈትም። መስኮቱም በፒንሳ ካልሆነ አይወርድም፤ ፒንሳው ደግሞ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም።

“በዚህ ከተማ ባሏ በር የሚከፍትላት ሴት አንቺ ብቻ ነሽ” አለኝ።

“መያዣው ቢሠራ ኖሮ ትከፍትልኝ ነበር?”

“እሱን ሲሠራ እናያለን።”

ከኋላችን የቆመ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብን። እየተሳሳቅን ገበያ ገባን። በማግስቱ ጠዋት ሲሳይ ከአልጋው አልተነሳም።

አርባው ሲደርስ መኪናዋን ላጸዳ ምንጣፉን አውጥቼ አራገፍኩ። ከወንበሩ ብረት ሥር ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ወረደ። ይህ አሸዋ ስንት ዓመት ቢጠረግ አላልቅ ብሏል። መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ አሸዋው የገባባት እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ነው።

ያኔ አባቴ በዚህችው ፒክአፕ ከገጠር ማሽላ እየጫነ ቆቦ ያመጣ ነበር። ውስጧ ናፍጣ፣ ጆንያና በፀሐይ የጋለ ላስቲክ ይሸታል። ወንበሩ ጭኔን ስለሚያቃጥለኝ እናቴ ነጠላዋን አጥፋ ታነጥፍልኛለች። ያን ጊዜም የእናቴ በር ከውስጥ አይከፈትም ነበር፤ አባቴ ዞሮ ይከፍትላታል። “እኔንም ጆንያ አደረግከኝ፤ ራስህ ትጭነኛለህ፣ ራስህ ታወርደኛለህ” ትለዋለች። አባቴ ይስቃል። ነገ አሠራዋለሁ ይላል።

አንድ የነሐሴ ቀን አያቴን ልንጠይቅ ከሮቢት ከተማ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ሄድን። እናቴ ወንድሜን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። መንገዱ ሰፊና ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል፤ በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነው። በእኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በምዕራብ ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል።

“ተመልከት፣ ላይ እየዘነበ ነው። እንመለስ” አለች እናቴ።

“አሁን እኮ ተሻገርን” አለ አባቴ፣ ገና ሳንገባ።

መሐል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የባትሪውን ጫፍ በድንጋይ መታ መታ አደረገው። አልነሳም። ጎማዎቹም አሸዋው ውስጥ ሰምጠዋል። “የሚገፋ ሰው ልጥራ፤ ፀሐይ ላይ አትውጡ” ብሎን ወደ ማዶው ዳርቻ ሄደ። እናቴ አንገቷን አዙራ ተራራውን ትመለከታለች። እኔ መሐል ተቀምጬ የእሷን ፊት እመለከታለሁ።

ከዚያ ጩኸቱን ሰማን። በራያ ቆላ ጎርፍ ሲወርድ ከላይ ያየ ሰው ከታች ላለው ይጮኻል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያቀብላል። ገበሬው ይህን ሲሰማ አካፋውን ይዞ ይሮጣል፤ ውሃው ሳያልፈው የቦዩን አፍ ከፍቶ ወደ ማሳው ሊጠልፈው። የዓመቱ ማሽላ የሚበቅለው በዚያ ውሃ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ የደስታ ነው። እኔም ቤታችን ሆኜ ስሰማው እየዘለልኩ እጮህ ነበር። “ወንዝ ወረደ! ወንዝ ወረደ!” በዚያ ቀን ግን እናቴ የበሩን መያዣ ይዛ ትነቀንቅ ነበር።

ፒንሳውን ከወንበሩ ሥር ፈለገች፤ የለም። በሹፌሩ በኩል ልትወጣ ሞከረች፤ ሆዷ ከመሪው ጋር ተያዘባትና ተመለሰች።

“ሙሉ፣ በዚያ በኩል ውጪ። ወደ አባትሽ ሩጪ።”

“አንቺስ?”

“አባትሽ ይከፍትልኛል። ሩጪ አልኩሽ!”

ወረድኩ። ከላይ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ የረጠበ አፈር ሸተተኝ። ከነፋሱ ኋላ፣ ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና የመሰለ ድምፅ ይሰማል። አባቴ ከማዶ እየሮጠ ነው፤ አሸዋው እየያዘው ይወድቃል፣ ይነሳል። ሩቅ ነበር። ወደ እሱ አልሮጥኩም። ዞሬ የእናቴን በር ሳብኩ። እምቢ አለኝ። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ “ሂጂ!” እያለች ትመታዋለች። የአባቴ ትከሻ ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው። ጀርባዬን ከበሩ ሥር ሰክቼ በእግሬ አሸዋውን ገፋሁ።

በማዶው ዳርቻ፣ ከአባቴ ይልቅ ለእኛ ቀርበው፣ የቦዩን አፍ ሊከፍቱ አካፋ ያነሡ አንድ ሽማግሌ አዩን። “ያ አላህ! ውሃውን ተዉት! ሰው አለ! ሰው አለ!” ብለው አካፋቸውን ጥለው ወረዱ። ሌሎችም ተከተሏቸው። በሩ በጀርባዬ ላይ ከፍ ሲል ተሰማኝ፣ ቀጭ አለና ተከፈተ። እናቴ ላዬ ላይ ወደቀች። ሽማግሌው እኔን በብብታቸው ይዘው፣ ሁለት ሰዎች እናቴን ደግፈው ስንወጣ ቡናማው ውሃ ጭራሮና አረፋ እየገፋ ተረከዛችንን ነካን።

ውሃው የሽማግሌውን ቦይ አልፎ ሄደ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ “አባባ፣ ማሳዎት…” ብላ አለቀሰች።

“አብሽሪ ልጄ” አሏት ላባቸውን እየጠረጉ። “ወንዙ ነገም ይመጣል።”

አባቴ ደርሶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። መኪናዋን ጎርፉ ሲያልፍ በበሬ ጎትተው አወጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጎማ ለማየት እንኳ ሲወርድ መጀመሪያ የእናቴን በር ይከፍት ነበር። እኔና ሲሳይ ስንጋባ መኪናዋን ሲሰጠን ቁልፉን ይዞ፣ “ስትወርድ መጀመሪያ የእሷን በር” አለው። በሩ ስንቴ ተጠግኖ ስንቴ ተበላሸ። ሲሳይ ግን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።

ከአርባው ስንመለስ የነዳው ያኔ በእናቴ ሆድ የነበረው ወንድሜ ነው። ግቢ አቁሞ ወረደና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ ቤት ገባ። እኔ በሩ እስኪከፈት ጠበቅኩ። ግቢያችን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የዚያ ውሃ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቆይቶ ወጥቶ ሲያየኝ ደነገጠ። “እትዬ፣ ይሄን ቆርቆሮ ለምን አትሸጪውም?” አለኝ። ወደ ሹፌሩ ወንበር ተንሸራትቼ መሪውን ያዝኩ።

ያ ወንዝ ዛሬ ድልድይ አለው። ልጆች በባጃጅ ሲያልፉበት ወደ ታች እንኳ አይመለከቱም። ጩኸቱን ግን አሁንም አንዳንዴ በክረምት እሰማዋለሁ።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ሰው ስጭን ቁልቁለት ፈልጌ አቆማለሁ፣ መጀመሪያ እወርዳለሁ፣ ዞሬ በሩን እከፍትለታለሁ።