የሸጊቱ አፍንጫ

ሸጊቱን ያወቅኋት በ፲፱፻፺ ዓ.ም. ነው፤ ደባርቅ፣ ምእመናን ባቋቋሙት የአረጋውያን መጦሪያ። አረጋውያኑን ደብዳቤ ልጽፍላቸው እሄድ ነበር። ከቆላው ዛሪማ መጥታ በልብስ አጣቢነት የተቀጠረች ቀጭን ሴት ናት። ደባርቅ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ እሷ ግን ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ እንዶድ ትወቅጣለች፣ አንሶላውን በበርሜል ትቀቅላለች። ሲደርቅ እያንዳንዱን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። «ዓይን ይሸነገላል፤ አፍንጫ አይሸነገልም» ትል ነበር። አንዳች ከሸተታት፣ ዳግመኛ ወደ በርሜሉ!

በኅዳር የኔታ መልከ ጼዴቅን ከተራራው መንደር ከጊች በበቅሎ አመጧቸው። መነኩሴ፣ የድጓ መምህር፣ ዘመድ አልባ። ልብሳቸውን ቅማል ወርሶታል። ያን ጊዜ ተስቦ ይፈራ ስለነበር የቤቱ ደንብ ቁርጥ ነው፤ ያልታጠበ አያድርም።

«እንቢ!» አሉ የኔታ። «ከመነኮስሁ አርባ ዓመቴ። ገላዬን ሴት አታየውም!»

ወንድ አጣቢ አልነበረም፤ ገላም የምታጥበው ሸጊቱ ናት። አስተዳዳሪው ክንዴ ተጨነቀ። «እንግዲህ በቅሎዋ ሳትሄድ ይመለሱ» አላት።

«ወደ ማን? ወደ ጭላዳ ዝንጀሮው?» አለችው ሸጊቱ። ገንዳውን ጎትታም እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሕጽበተ እግር፣ የኔታ።»

«በኅዳር? እሱ የጸሎተ ሐሙስ ነው፤ የሚያጥበውም ካህን ነው፣ አንቺ ጉደኛ!»

«እስከ ጸሎተ ሐሙስ ቅማሉ ይታገሠናል?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ እግራቸውንም ሰጧት። ውኃው ጠቆረ። ሦስት ጊዜ ለወጠችው። የተሰነጠቀውን ተረከዝ በጣቷ እያለሰለሰች ቆየች፤ ከዚያ እግራቸውን አንሥታ፣ እንደ አንሶላው፣ አሸተተችው። የኔታ ደነገጡ። እግራቸውን ግን አልሳቡም።

«የቀረውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሴት አታየውም ብያለሁ፣ ልጄ።» ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

ሸጊቱ ነጠላዋን አጥፋ ዓይኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። «ይኸው፣ አላይም። አፍንጫዬ ይበቃኛል።»

እኔና ክንዴ ወጣን። ውኃ ሲንቦጫረቅ፣ ቀጥሎም የኔታ ዜማቸውን ዝቅ አድርገው ሲያንጎራጉሩ በበሩ በኩል ተሰማን። በመጨረሻ «ጸድተዋል!» የሚል ድምፅዋ መጣ።

ክንዴ በሩ ላይ ቆሞ «በቅሎዋስ ምን ትሁን?» ብሎ ጮኸ።

«ባዶዋን ትሂድ!» አሉ የኔታ ከውስጥ።