በክር መስኮት ያየሁት ፊት

ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ከልጅ ልጆቼ ነው። ሥዕል ግን ከዚያ በፊት አውቅ ነበር። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋምና ዛሬም ከመካነ ብርሃን ጎንደር እመላለሳለሁ፤ ማኪናው ገደሉን ሲወርድ ሌላው ሰው ታቦቱን ሲማጠን፣ እኔ በመስኮቱ ተራራውን ቤት ቤት እየከፈልሁ እቆጥራለሁ። ይህን ያስለመደኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ ጎንደር ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ገና ልጃገረድ ነኝ፣ ከሱ ቤት ጥጥ እፈትላለሁ፤ ሥዕል አስተምረኝ እያልሁም እነዘንዘዋለሁ። እሱ በፍየል ፀጉር ብሩሹ መላእክቱን ዓይኑን ጨፍኖም ይሥላቸዋል። አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ግን ትንሹን ሥዕል ማሳደጊያ ዘዴ አሳይቶት ኖሯል። አራት ማዕዘን እንጨት ላይ ክር ወዲህና ወዲያ ይወጠራል፤ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቤት ቤት ይሆናል። ትንሹን ሥዕል ከክሩ ሥር ማስገባት፣ ሥዕሉ በሚሣልበት አቡጀዲ ላይ ያንኑ ያህል ትልልቅ ቤት በከሰል ማስመር፣ ከዚያ በየቤቱ ያለውን ብቻ መገልበጥ ነው። አጎቴ ረድፉን የሚለየው በፊደል ነበር። እኔ ፊደል ስለማላውቅ ከዳሩ እህል አጣበቅሁበት፦ ላይኛው ስንዴ፣ ቀጥሎ ባቄላ፣ ከዚያ ሽምብራ።

"ገበያ አደረግሽው እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ሰሞን ከጃናሞራ የመጡ አንዲት እሜቴ ለደብራቸው የእመቤታችንን ሥዕል አሠሩ። እንደ ልማዱ፣ ያሠራው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ ይሣላል፤ ለዚያ ብለው ፎቶ ተነሥተው ላኩ። አጎቴ እመቤታችንን ጨርሶ ፎቶውን ሰጠኝ።

"እሜቴን አንቺ በከሰል ሞክሪያቸው። ሸጋ ከሆነ ብሩሽ ትይዣለሽ። ካልሆነ ወደ እንዝርትሽ፤ ዳግመኛም እንዳትነዘንዢኝ።"

እሱ ቅዳሴ ሄደ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ቤት በቤት ገለበጥሁ። አፍንጫው፣ ሹሩባው፣ የነጠላው ጥለት፤ አንዲት መሥመር አልሳትሁም። አጎቴ ሲመለስ ቆሞ አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"አንቺ ልጅ! ሴትዮዋን ከይሁዳ ጋር ደመርሻቸው!"

በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይን ያያል፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ኃጥእ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ትንንሹን ቤት ሳይ ግን ፊቱን ረሳሁት። እሜቴ ለካ የተነሡት በጎናቸው ነበር።

"ምነው አያ፣ ፎቶው ላይ ያለው አንድ ዓይን ነው። ሌላውን ከየት ላምጣ?"

ይኼን እያልሁት እሜቴ ራሳቸው ሥዕሉን ሊያዩ ከነጃንጥላቸው ገቡ። አቡጀዲውን አዩና፣ "ምነው፣ ምን በደልሁ?" አሉ። ቀጥለው ጠጋ ብለው፣ "አፍንጫው ግን የኔ ነው። ቁርጥ እኔን!"

አጎቴ ይቅርታ ሊል ሲጀምር እጃቸውን አነሡ። "ተወው፣ ፎቶ አንሺውን በጎኔ አንሣኝ ያልሁት እኔው ነኝ።" ነጠላቸውን ከግራ ዓይናቸው ገለጥ አደረጉት። ብሌኑ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ አለች።

እንዝርቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። "እሜቴ፣ እስቲ ይቀመጡልኝ" አልሁ፤ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ፎቶውን አወጣሁና ባዶውን የክር መስኮት ለአጎቴ ሰጠሁት። "አያ፣ ፊታቸው ላይ ያዝልኝ።"

"ሰውን በክር?" አለ። ያዘልኝ ግን።

የጎኑን ፊት በጨርቅ አጠፋሁ፤ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ በክሩ መሀል እሜቴን ማየት ጀመርሁ። አጎቴ ሳቁ እያመለጠው ክሩ ይወዛወዛል።

"አትሣቅ አያ፣ ባቄላው ግንባራቸው ላይ ወጣ!"

ይኼኔ እሜቴም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሁለቱም ዓይን ባቄላው ረድፍ ላይ ዋለ።

"ነጥቧንስ እሜቴ? ልተዋት?"

እሜቴ ቀና ብለው እመቤታችንን አዩ። "እሷ የማታውቃት መሰለሽ? እንዳለች አድርጊያት።"

አደረግኋት። አጎቴ ሥዕሉን ቀርቦም ርቆም አየው፤ ሸጋም አላለ፣ ክፉም አላለ። ጭንቄን ይዤ አደርሁ። ጠዋት ጥጤን ይዤ እንዝርቴን ብፈልግ አጣሁት። ብወጣ አጎቴ ደጃፍ ተቀምጧል፤ የእንዝርቴን ዘንግ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫፉ ላይ የፍየል ፀጉር ያስርበታል።