ምንጣፍ ነው፣ ግን አይነጠፍም

ልጅ ሳለሁ፣ እማዬ ዴንቨር ካለው ሥራዋ እስክትመለስ፣ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከእኛ አፓርታማ በታች የሚኖሩት እማማ ላጊ ይጠብቁኝ ነበር። የመጡት ሳሞአ ከምትባል የደሴት አገር ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው እንደ ፍም ቀልቶ፣ እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ክር የቀጠነ የአገራቸውን ቅጠል እየጎነጎኑ ምንጣፍ ሲሠሩ በእንግሊዝኛ ተረት ይነግሩኛል። እኔ ዓይነ አፋር ስለነበርኩ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ።

አንዱ ተረት ሰው ስለበደለ ሰውዬ ነበር። ሰውዬው ጎህ ሲቀድ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ተከናንቦ የበደላቸው ሰዎች ደጃፍ ይቀመጣል። አንድ ቃል አይናገርም። ምንጣፉን ካነሱለት ምረውታል። ካላነሱለትስ? እማማ ላጊ እዚህ ላይ ወደ ጉንጎናቸው ይመለሱ ነበር። በአማርኛ ምንጣፍ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም እንጂ አይነጠፍም፣ አይረገጥም። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰጥ ክብር ነው።

የእማዬ አባት አገር ቤት ሲያርፉ ለቀስተኛ ቤታችንን ሞላው። እማማ ላጊ ዓመት የፈጀባቸውን፣ ዳሩ ላይ ቀይ ላባ ያለውን ምንጣፍ ለእማዬ ሰጥተው ወጡ። እትዬ አልማዝ የምትባል ጎረቤታችን፣

«እግዜር ይስጣቸው፣ ሰሌን አመጡልን! መቀመጫ አልቆብን» ብላ ዘረጋችው። ሴቶቹ ተቀመጡበት፤ ሻይም ፈሰሰበት። እኔ አውቅ ነበር። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ። እማማ ላጊ ሩዝ ይዘው ሲመለሱ አዩና ድስቱን በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ! እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው? ነገ ወርደሽ ሶሪ በያቸው!»

ሶሪ ማለት ከየት ይምጣ? በማግስቱ ጠዋት የእማዬን ጋቢ ተከናንቤ በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማ ነበር። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ጋቢው ከላዬ ተነሳ።

እማማ ላጊ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የጋቢውን ዳር በጣታቸው ይዳስሱ ነበር።

«ይህን የሠራው የማን እጅ ነው?»

«የሞቱት አያቴ። ሸማኔ ነበሩ» አልኩ። ከዚያ ስለ አያቴ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ያን ቀን ራሳቸውን የነቀነቁት እሳቸው ነበሩ።

የሻዩን እድፍ እማዬ ከምንጣፉ ላይ ልታጥበው ብትል እማማ ላጊ እምቢ አሉ። «ተይው፤ አሁን የአባትሽም ታሪክ አለበት» አሏት።

ምንጣፉ ዛሬ ቁም ሣጥናችን ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ እማዬ አውጥታ፣ «እሷ ትንገራችሁ» ትላለች። ድምፄ ዛሬም ቀጭን ነው። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እናገራለሁ።