ጓደኛዬ የመረጠልኝ ማድፈጫ

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ጊዜ፣ በባሌ ጠቅላይ ግዛት ጎባ ከተማ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ዘመኑ ሄደ፣ እኔም ሸመገልኩ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ጠላት ቢያደርገው ኖሮ ገና ድሮ እረሳው ነበር።

አባቴ የሚኖሩት ሮቤ ነበር። በጉብዝናቸው የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸው የአጋዘን ቀንዶችም ቤታችን ሲቃጠል አብረው ነደዱ። ታመው ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ፣ «እንግዲህ ከዚህ አልጋ አልነሳም። አንድ የአጋዘን ቀንድ በእጄ ብዳብስ ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። አባቴ ከእኔ ምንም ጠይቀው አያውቁም። «አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

የአደን ፈቃድ አወጣሁ። የተፈቀደልኝ አንድ ወንድ አጋዘን ብቻ ነበር። የአባቴ ጠመንጃ አለ፤ አደን ግን ከነአካቴው አላውቅም።

የሚያውቀው ሽፈራው ነው። ሽፈራው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበር፤ አንድ ቤት ተከራይተን ከአንድ ገበታ የምንበላ። «ኦቦሌሳ ኮ» ነበር የሚለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ነገሩን ስነግረው፣ «ያንተ አባት የእኔስ አባት አይደሉ? ቦታውን ለእኔ ተወው» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጎባ በላይ ወዳለው ተራራ ወጣን። ሽፈራው ኮቴ አየ፤ በጠጡን በጣቱ ፈረከሰ፤ አጋዘኖቹ በቀንዳቸው የላጡትን የኮሶ ግንድ አሳየኝ። በመጨረሻ አስታ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት ሸለቆ አፍ ላይ ቆመና፣ «አንተ እዚህ ነህ» አለ። ድንጋይ ደረደረ፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከለለኝ፣ እንዳይበርደኝ መቀመጫዬ ላይ ሣር ጎዘጎዘ። እናቴ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችልኝም ብዬ ቀለድኩበት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወጥተን ቦታዬን ያዝኩ። «ንቅንቅ እንዳትል። እኔ በዚያ ማዶ ዞሬ ወደ አንተ እነዳቸዋለሁ» አለኝ። እሱም ጠመንጃ ይዞ ነበር። ለምን ያዝክ ስለው፣ «ነብር ቢገጥመኝስ?» ብሎ ሳቀ።

ጉሙ ሲገለጥ ነፋሱ ማጅራቴን ነካኝ። ጋቢዬን ሳብ አደረግሁና ዓይኔን ሸለቆው ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ አስታው ውስጥ አንድ አጋዘን እንደ ውሻ ጮኸ። ወዲያው የሩጫ ድምፅ ሰማሁ፤ ግን ከእኔ እየራቀ ነው የሚሄደው። ከዚያ ከሸለቆው ጫፍ፣ ከላይ ካለው ማለፊያ፣ አንድ ጥይት ጮኸ።

ሽፈራው ለአባቴ ብሎ የጣለልኝ መሰለኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ እያልኩ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።

አጋዘኑ ወድቋል፤ ጠምዛዛ ቀንዱ የሚያምር ነው። አጠገቡ ግን ልክ እንደ እኔው በድንጋይና በቅርንጫፍ የተሠራ ማድፈጫ አየሁ። የእኔ ቅርንጫፍ አሁንም እርጥብ ነው፤ የዚህኛው ቅጠል ደርቆ ቡኒ ሆኗል። ከእኔው ቀድሞ የተሠራ ነው። ያኔ ማጅራቴን የነካኝ ነፋስ ገባኝ። ሽፈራው እዚያ ያስቀመጠኝ እንድተኩስ አልነበረም፤ ጠረኔ አጋዘኑን አስደንብሮ ወደ እሱ እንዲያወጣለት ነው።

«ይሄን መቼ ሠራኸው?» አልኩት።

«ዋናው መውደቁ ነው፣ ኦቦሌሳ ኮ።»

«እሺ፣ ቀንዱን ስጠኝ።»

«ለአለቃችን ቃል ገብቼበታለሁ። ሹመቴ እየታየ ነው እኮ፤ ተረዳኝ እንጂ።»

«አባቴስ?»

ቢላዋውን በሣር እየጠረገ፣ «እሳቸው እንደሆነ አያዩም። የበግ ቀንድ ብትሰጣቸው በምን ያውቃሉ?» አለኝ።

ጥዬው ወረድኩ።

ሮቤ ባዶ እጄን ገባሁ። አባቴ የሆነውን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። አጋዘኑ ጮኾ ሸሸ አልኳቸው።

«ነፋሱ ከየት ነበር?»

«ከኋላዬ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ፣ «እዚያ ማን አስቀመጠህ?» አሉ። ሽፈራውን እንደ ልጃቸው ይወዱታል፤ ያንን ጉድ ሰምተው እንዲሞቱ አልፈለግሁም። «ራሴ ነኝ» አልኩ። እጄን ፈልገው ያዙኝና፣ «አይዞህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያላስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሽፈራው ሹመቱን አግኝቶ ነበር፤ አዲስ ካፖርት ለብሶ ለቅሶ መጣ። «አባቴን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ሰው ሁሉ አዘነለት።

ዛሬም የሚያውቁን ሰዎች፣ ለአንድ ቀንድ ብለህ ስንት ዘመን ትቀየማለህ ይሉኛል። ቀንዱንስ ይቅር ብዬዋለሁ። አባቴ የእሱን ጥፋት የራሳቸው አድርገው መሞታቸው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።