እትዬ አስካለ ቅባቱን የከደኑት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንፊት ልዋስ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር... ገፋ አድርጌ ገባሁ። አንዲት የማላውቃት ወጣት ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አንደኛው ባቷ አብጧል። እትዬ አስካለ ደግሞ በርጩማቸውን ስበው ከፊቷ ቁጭ ብለዋል፣ መዳፋቸው ላይ ቅባት እያፈሰሱ።

ወንፊቱን ረሳሁት። እዚያው በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እኔና እትዬ አስካለ አንድ ፎቅ ላይ። እጃቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የተያዘ ወገብ፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ሲውል የደረቀ አንገት... ሁሉም እሳቸው ጋ ይመጣል። እኔም አንድ ሰሞን ትከሻዬ ተይዞ ፀጉሬን ማበጠር ሲያቅተኝ ያፍታቱኝ እሳቸው ናቸው። ቀስ እያሉ፣ ወሬ እያወሩልኝ፣ ህመሙን ሳላውቀው ነው ያወጡልኝ።

ታላቅ እህቴ ሰናይት ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደረጃው አዳለጣትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። በጀሶ ታስራ ከረመች። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ግን ባቷ አበጠ፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ስትረግጥበት ያማታል።

«ቁጭ ብዬ ስለከረምኩ ጡንቻዬ ተሸማቆ ነው» አለች። ለሁላችንም እንደዚያው መሰለን። እትዬ አስካለን ጠራናቸው። መጥተው አሿት። «እፎይ... ቀለል አለኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ እያቀረብኩ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለችኝ። ዞር ስል ደረቷን ይዛለች። ፊቷ ተለዋውጧል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ መኪና ተገኝቶ፣ ሆስፒታል እስክንደርስ... እህቴ አልደረሰችም።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሄዶ ሳንባዋን ዘጋው።

«እግሯ ታሽቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ ትናንት።»

«በራሱም ሊነቀል ይችል ነበር። በመታሸቱ ነው፣ አይደለም ብሎ በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሰው የለም» አለኝ። «ማሸት ለደከመ ጡንቻ ጥሩ ነው። እንዲህ በአንድ ወገን ብቻ ያበጠና የሚሞቅ እግር ግን ሳይመረመር መነካት አልነበረበትም።»

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ አስካለ በለቅሶው ሰሞን ከአጠገቤ አልተለዩም። ለቀስተኛ ሲመጣ እሳቸው ይቀበላሉ፣ እኔን እህል ካልቀመስሽ ብለው ይቆጣሉ። ደግሞ ብቻችንን ስንሆን «ያን ዕለት እኮ ቀሏት ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ። በዚያች ነበር የሚጽናኑት። እንዴት ብዬ ያችን ልንጠቃቸው? አርባዋም አለፈ... በሆዴ ይዤው ቆየሁ።

እና ቅዳሜ ያችን ልጅ ሳያት...

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይደለም። አራስ ነኝ፣ ገና ወር አልሞላኝም። ብዙ ስለተኛሁ ነው መሰለኝ እግሬን ይዞኛል።»

«አንዱን ብቻ?»

«አንዱን ብቻ።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን ባቷ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ አይንኳት።»

«ምነው ልጄ?»

«መጀመሪያ ሆስፒታል ትታይ። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከታሸ ደግሞ ተነቅሎ ወደ ሳንባ...»

መጨረስ አልቻልኩም። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸውን ከዐይኔ አላነሱም።

«ሰናይትም... እንደዚህ ሆና ነው?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። ግን ነገም ያበጠ እግር ይዞ የሚመጣ ሰው አለ።

«አዎ እትዬ። ግን በራሱም ሊሆን ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። እውነቴን ነው፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።»

መዳፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ የቅባቱን ጠርሙስ ከደኑ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለልጅቷ ጫማዋን አጠለቁላትና «ተነሺ የእኔ ልጅ፣ እኔው አደርስሻለሁ» አሏት። ሦስታችንም ሄድን። ታክሲ ውስጥ ልጅቷ ልታዋራቸው ብትሞክርም ዐይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

ልጅቷ በአልትራሳውንድ ታየች። የረጋ ደም የለም። እብጠቱ የወሊድ ነው፣ ህመሙም የጡንቻ መሸማቀቅ ነው ተባለች። በቀስታ ብትታሽም ይረዳታል እንጂ አይጎዳትም ብለው አሰናበቷት።

ማክሰኞ ዕለት ደስ ብሏት ተመልሳ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ተፈቅዶልኛል። አሁን ይሹኝ።»

«እጄን አሞኛል የእኔ ልጅ» አሏት።

እጃቸውን ምንም አላመማቸውም። ልጅቷ ቅር ብሏት እንደወጣች «እትዬ፣ ሐኪም ፈቅዶላታል እኮ። ስንቱን ሰው ከስቃይ አላቀዋል፣ እኔን ራሴን አድነውኛል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው እያዩ ነበር። «ያን ዕለት ሰናይት ይህን እጄን ስማ ነው የሸኘችኝ።»

አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ።

ለብቻዬ ይዤው የከረምኩትን ሀዘን አሁን ለሁለት ተካፈልነው... ግን አላነሰም።