በአባቴ ደረት ውስጥ ያየነው ብረት

የራጅ ሰሌዳው ቀዝቃዛ ነበር። ባለፈው ወር አዲስ ሥራ ልቀጠር ስል የጤና ምርመራ አምጪ ተባልኩና ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። በዕድሜ ታናሽ እህቴ የምትሆን ባለሙያ ትከሻዬን ይዛ ደረቴን ከሰሌዳው ጋር አጣበቀችውና፣ «ትንፋሽ ሳቢ... ያዢው... በቃ፣ ጨረስን» አለችኝ። ቅዝቃዜው በስሱ ጋውን አልፎ አጥንቴ ድረስ ገባ።

«ፊልሙን የት ነው የምጠብቀው?» አልኳት ልብሴን እየለበስኩ።

«የምን ፊልም?» ብላ ሳቀች። «እሱ እኮ ድሮ ቀረ። ማለቴ፣ አሁን ቀጥታ ዶክተሩ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚገባው።»

ፊልም የለም ስትለኝ እፎይ አልኩ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ግን የአባቴ ፊልም ትዝ አለኝ። ያ ጥቁር ፊልም ቤታችን ገብቶ ምን እንዳደረገ ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነበር። አሁን ግቢው የለም። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ አበባ የተተከለበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኖ አገኘሁትና የቤታችን ደጅ የት ጋ እንደነበረ መለየት አቃተኝ።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ መዝገብ ቤት የሚውል፣ ጫማውን ራሱ የሚወለውል፣ ድምፁ ከበራችን የማያልፍ ሰው። ሰውን «ተሳስተሃል» ማለት አልፈጠረበትም። ታክሲ ውስጥ እግሩን የረገጠውን ሰው እሱ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ እናቴ ይህን ስታይ ጥርሷን ነክሳ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ያን ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሳል ያዘው። ዝንጅብሉም ማሩም አልመልሰው ሲል ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ተነሣና ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዞ መጣ።

«ምን አሉህ?» አለችው እናቴ፣ ኮቱን ሳያወልቅ።

«ዶክተሩ ትንሽ አየው። ሌላ ምርመራ ስላለ ሰኞ ተመለስ ብሎኛል» አለና ፖስታውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው።

በኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይታመምም። ጠያቂው ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ሻይ ከቀረበለት በኋላ ራጁን ያያል። የሠርግ አልበም ከእጅ እጅ እንደሚዞረው ማለት ነው። ላሳይህ ብሎ የሚያወጣ የለም፣ አላይም ብሎ የሚሄድም የለም። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ሲሞላ፣ ቁመቴ ደህና ስለነበር ፊልሙን መስኮቱ ላይ የመያዙ ሥራ ለኔ ደረሰ። ከፖስታው ሲወጣ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። የጠዋቷ ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ የአባቴ ደረት መስኮታችንን ሞላው። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቶቹ መሐል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጣ ያለች ነጥብ ነበረች።

«ያ አላህ! ይሄ ሁሉ አጥንት ሰው ውስጥ አለ?» አለች ቄራ ጨርቅ የምትነግደው የወሎዋ ጎረቤታችን። ጠጋ ብላ ነጥቧን በጣቷ ነካች። «ይቺ ወላሂ አቧራ ናት። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ነው እዚያ የተጠራቀመው። እኔስ ጆንያ ስፈታ የምስለው በምን ሆነና?»

እናቴ ደግሞ በጾም የዋጠው የዓሣ አጥንት ነው ብላ ድርቅ አለች። «ያኔ ውሃ ጠጣበት ስልህ እምቢ አልክ!» ብላ እንደ አዲስ ተቆጣችው። እኔ ራሴ፣ እውነቴን ነው፣ አንገቷን የቀበረች ትንሽ ወፍ ነበር የታየችኝ። ፊልሙ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሁላችንም የምናየው ከየቤታችን ያመጣነውን ነበር።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከትቶ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። የሱን ደረት እያየን ስንከራከር እሱን ያየው ሰው አልነበረም፤ ወይም ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከግቢያችን ጥግ ያለችው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በግራ እግራቸው የሚያነክሱ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ከማንም ጋር አያወሩም። መነጽራቸውን አድርገው ፊልሙን ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ይሄማ ብረት ነው» አሉ። «ፍንጣሪ ነው። ዘምተህ ነበር አይደል?»

«ብሔራዊ ውትድርና ነበርኩ» አለ አባቴ። «ግን እኔ እንኳ ዕቃ ግምጃ ቤት...»

«ግምጃ ቤትስ አይደበደብም? ሰው በሞቀበት ሰዓት መመታቱ መቼ ይታወቀዋል? ስንቱ ነው ብረት ተሸክሞ የሚኖረው! አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ አይገድልም።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። የወሎዋ ጎረቤታችን «አልሐምዱሊላህ!» ብላ አጨበጨበች። እናቴ ዓይኖቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ዙሪያውን ያለነውን አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያ ፈገግ አለና ዘጋው። ፊቱ ላይ ደም ሲመለስ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚያቆመው አልተገኘም። አንዱ ጠያቂ የጦር ግንባሩን ጨመረበት፣ ሌላው ተራራውን፤ አንዷ ደግሞ ቆስሎ ሳለ ጓደኛውን ተሸክሞ መውጣቱን ጨመረች። አባቴ አንዲት ቃል አላዋጣም። ዝም ሲል ግን፣ «አያችሁ? በእውነት የዘመተ ሰው አያወራም» ተባለለት። ዕድር ላይ ከፊት ወንበር ይለቁለት ጀመር፤ እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ አባቴ ጀግና ነው ብዬ አወራሁ። ሃያ ዓመት ያህል አቧራ ሲያራግፍ የኖረ ሰው በአንዲት ነጥብ ጀግና ሲሆን ማን ይጠላል?

ከሁሉም የተለወጡት ግን ሃምሳ አለቃው ናቸው። ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሥራ ሲመጣ ጠብቀው፣ በርጩማቸውን ይዘው ደጃችን ላይ ይቀመጣሉ። «ጓዴ» ይሉት ነበር። ለማንም አውርተውት የማያውቁትን፣ ጦር ሜዳ የሞቱባቸውን ልጆች፣ ያጡትን ሻለቃ፣ በሌሊት የተሻገሩትን ወንዝ፣ ለሱ ያወሩለታል። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ የሃምሳ አለቃውን ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰኞ አለፈ። የሚቀጥለውም ሰኞ አለፈ።

«ሐኪሙ ተመለስ ብሎህ ነበር እኮ» ትለዋለች እናቴ።

«ብረት ነው እኮ። ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፣ ዛሬ ምን ያደርገኛል?» ይላታል። እሷም ትንሽ ታጉረመርምና ትተወዋለች። ማመን ፈልጋ ነበር። እኔም ፈልጌ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከዚያ አንድ ቀን እናቴ መሐረቡን ልታጥብ ስትል ደም አየችበት። ጎረቤት አልጠራችም፣ ማንንም አላማከረች፤ ክንዱን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባችው፤ እኔም ፖስታውን ይዤ ተከተልኩ። አዲስ ራጅ ተነሣ። ሌላ ዶክተር ነበር፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ብርሃኑ ላይ ሰቀላቸው። ቁልፍ የምታህለው ነጥብ ጭብጥ አክላ ነበር።

«ለምን ዘገያችሁ?» አለን።

«ብረት ነው ብለን ነው፣ ዶክተር» አለች እናቴ።

«ብረት?» አለና አያት። ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ብረት እንዲህ ደብዝዞ አይታይም፣ እናቴ» አላት ቀስ ብሎ።

ዕጢ ነበር፤ ለቀዶ ጥገናም ለመድኃኒትም ጊዜው አልፎ ነበር። እዚያው ሆስፒታል አልጋ ያዘ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። ብርቱካን እየላጥኩለት ነበር፤ የክፍሉ የመድኃኒት ሽታና የብርቱካኑ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«ጉድ የሠሩን ሃምሳ አለቃው ናቸው» አልኩት። ንዴቴን መዋጥ አልቻልኩም።

«እሱን ተይው» አለኝ። «እኔ ጦር ሜዳ አልረገጥኩም። ብርድ ልብስ ስቆጥር ነው ግዳጄ ያለቀው፤ በአካባቢያችን አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ብረት ከየት ይመጣል? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። «ዶክተሩ ሲያየው ጊዜ ዝም አለ፣ ልጄ። ያን ዝምታ ተሸክሜ ነው ቤት የገባሁት። እነሱ ግን የሚሉት ነገር ነበራቸው። ብረት ነው ሲሉኝ፣ አለመሆኑን እያወቅኩም ቢሆን፣ ደረቴን ቀለለኝ። ለጥቂት ቀን ልረፍበት ብዬ ነበር። በኋላ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ሰው አገኘ። ስንት ዓመት ብቻውን ተቀምጦ፣ አሁን ጓዴ የሚለው ሰው ሲያገኝ... ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ይሉኝታ ያዘኝ።» እጄን ነካ አደረገኝ። «እንዳትነግሪው፣ እሺ? ቅር ይለዋል።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያን ቀን ግን ጮኼ ባለቅስ፣ ያን አልጋ ብደበድብ ደስ ይለኝ ነበር። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ በራጅ አይታይም፤ ቢታይ ኖሮ የአባቴን ደረት ከዳር እስከ ዳር በሞላው።

መስቀልን ሳያይ ሞተ። ሃምሳ አለቃው ቀብሩ ላይ አሮጌ የወታደር ኮታቸውን ለብሰው መጡና በሚያነክስ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጡት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ስለ ብረቱ ሲያወራ እሳቸው ድንኳኑን ጥለው ወጡ። እኔ ኀዘን መስሎኝ ነበር።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ በራችንን አንኳኩ። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። በእጃቸው ጠርዙ የተበላ አሮጌ ፖስታ ይዘዋል። አልቀመጥም አሉ። ከፖስታው ውስጥ ራጅ አወጡና፣ «እስቲ መስኮቱ ላይ ያዢልኝ» አሉኝ።

ያዝኩት። የእግር ራጅ ነው። ከጉልበት በታች አጥንቱ ዙሪያ ጥርት ያሉ፣ ዓይን የሚወጉ ነጫጭ ስብርባሪዎች ተበትነዋል። ማንም ሰው ሳይነግረኝ ምን እንደሆኑ አወቅኩ።

«ብረት ይሄ ነው» አሉ። «እንዲህ ያበራል። ይሄን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የአባትሽ እንዲህ አልነበረም። ያን ቀንም አውቄያለሁ።»

እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን?» አለች።

«ፊቱን አይቼ ነዋ! እናንተ ሁላችሁም መስኮቱን ነበር የምታዩት። እኔ ያን ፊት ከጦር ሜዳ አውቀዋለሁ፤ ልጆቹ ተስፋ ሲቆርጡ የሚመጣ ነው። እስከ ሰኞ ይተንፍስ፣ ሰኞ ሐኪሙ ይነግረዋል ብዬ ነው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወሬውን ያዘው። እሱም ደስ አለው፤ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። እንዴት ብዬ ልንጠቀው?» ባዶውን ፖስታ ሁለት ላይ አጠፉት። «እኔን አምኖ ሞተ።»

ቃል ገብቼ ነበር። አባቴ ቅር ይለዋል ያለኝ ሰው ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ከቅር መሰኘት በላይ የሆነ ነገር እየሆነ ነበር። ላጽናናቸው ይሁን ልጎዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቃሉ ከአፌ ወጣ።

«አላመነዎትም» አልኩ። «አለመሆኑን ያውቅ ነበር። ዝም ያለው እርስዎ እንዳይከፋዎት ብሎ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ነገረኝ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ለሷም አልነገርኳትም ነበር።

ሃምሳ አለቃው ወደኔ ጠጋ አሉ። «ለኔ ብሎ?» አሉ።

«አዎ።»

አልቀመጥም ያሉት ሰውዬ የአባቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው» አሉ። ለኛ አልነበረም የሚናገሩት። «እኔ እኮ ለሱ ብዬ ነው፣ ጓዴ» አሉ ደግመው፣ ከፊታቸው ለተቀመጠ ሰው እንደሚያስረዱ ሁሉ።

አባቴን ያጣሁት ሁለት ደግ ሰዎች ስለተዛዘኑ ነው። ክፉ ሰው ቢገኝበት ኖሮ ቢያንስ የምጠላው አላጣም ነበር። ፊልሙን ከመስኮቱ አውርጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እናቴ አሁን ተነሥታ ታስወጣቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ጓዳ ገብታ ምሳ አቀረበች። አንድ ጊዜ አጎረሰቻቸው። መዋጥ አቃታቸውና ጉርሻውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ አለቀሱ። እሷም ከጎናቸው ተቀምጣ፣ እጇ ወጥ እንደነካ፣ አብራቸው አለቀሰች።