በብሎን የታሰረ ድምፅ

ወልድያ ውስጥ ስፒከር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አይሰማውም፤ ብድግ አድርጎ ያየዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ፦ ሰውዬው ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ዕቃውን በሁለት እጁ አነሳው፣ ወደ ትከሻው ጠጋ አደረገው፣ "ይሄ ይሆናል" አለ። ድምፁ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ከተማው ተናውጦ ሁላችንም በእግራችን ከወጣንበት ከዚያ ክረምት ወዲህ ዕቃ የምንመርጠው እንዲህ ነው። ተሸክመውት ይሮጣሉ ወይስ አይሮጡም፣ ጥያቄው ይኸው ነው።

እኔን ግን መሸከም መሮኛል።

የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የፍሬን ሸራና ብሎን ስሸጥ፣ ከሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፤ ሲመሽ ወደ እናቴ ቤት እገባለሁ። ቤቱ የራሷ ነው። አንድ ክፍል፣ ከጓሮ ደግሞ ማድ ቤት። የሷ አልጋ በአንዱ ግድግዳ፣ የኔ በሌላው፣ መሃል ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ፤ አለቀ።

ያን ክረምት ይሄን ቤት ቆልፈን ወጣን። በመርሳ አልፈን ውርጌሳ እስክንደርስ እናቴ አንድ ትልቅ ቋጠሮ በጀርባዋ አዝላ ነበር። ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ቤቱ ተራቁቶ ጠበቀን። ቴሌቪዥን የለም፣ ስፒከር የለም፣ ግድግዳ ላይ የነበረው መስታወት እንኳ የለም። የተረፈን እሷ ያዘለችው ብቻ ነው፦ ምንጣፉ፣ መጋረጃዎቹ፣ ወፍራሙ የአልጋ ልብስ፣ በሩጫ ያገኘችው ጨርቅ ሁሉ። ቋጠሮውን በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። እዚያው ቀረ።

"እማዬ፣ ፍቺው እንጂ" ስላት፣ "ካልፈታሁት መልሼ አልቋጥረውም" ትለኛለች።

አምና ቴሌቪዥን ገዛሁላት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ካርቶኑን አልጋ ስር ከተተችው። ማታ ድራማዋ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ትነቅልና በጨርቅ ጠራርጋ፣ ከነፎሙ ካርቶኑ ውስጥ ትመልሰዋለች። በነጋታው ታወጣዋለች። ሳቄም ይመጣል፣ እንባዬም ይመጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ያን ሁሉ ለፍታ ድራማውን በወጉ አለመስማቷ ነው። የነዚህ ስስ ቴሌቪዥኖች ድምፅ በጀርባቸው ነው የሚወጣው፣ እሱም የትንኝ ያህል ነው። የእናቴ ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም። "ምን አለ? ምን አላት?" እያለች ታመሻለች። አጥርታ የምትሰማው ስልኳን ብቻ ነው፤ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዜና ታዳምጣለች፣ መንገዱ ተዘጋ ወይስ ተከፈተ እያለች። በዚህ ቤት ጥርት ብሎ የሚሰማው "ተነሺ፣ ሩጪ" የሚለው ድምፅ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ። እናቴ በገዛ ቤቷ ቁጭ ብላ ድራማዋን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ ያውም ከግድግዳ ላይ በማይነቀል ነገር።

ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ሄድኩ። ያወጣልኝ የመጀመሪያው እጀታና ጎማ ያለው፣ መብራት የሚያብለጨልጭ፣ በባትሪ የሚሠራ ነበር።

"ይቺን ውሰጂ እህቴ። እስቲ ብድግ አድርገሽ እያት።"

"ለምን ብድግ አደርጋታለሁ?"

"ያው… አላህ አያምጣው እንጂ፣ ነገር ሲመጣ።"

"ነገር ሲመጣ እናቴን ነው ብድግ የማደርገው። ሌላ አሳየኝ።"

ሳቀና ሌላ አሳየኝ። ቁመታሞቹን ሲከፍታቸው የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ይሄ የሰርግ ድንኳን ነው፣ እኛ ቤት ከገባ እኛ እንወጣለን አልኩት። ቀጥሎ አምስት ትንንሽ ስፒከር ያለውን ዘረጋ፤ ሁለቱ ከሰው ኋላ ይቀመጣሉ አለኝ። ከኛ ኋላ ያለው ትራስ ነው፤ ገመዱ ደግሞ እናቴን ይጥላታል። በመጨረሻ ረጅምና ቀጭን የሆነችውን፣ ቴሌቪዥን ስር የምትለጠፈውን አመጣ፤ ሳውንድ ባር ይሏታል። ወፍራሙን ድምፅ የምታወጣው ባሷ ትንሽ ሳጥን ናት፣ አልጋ ስር ትገባለች። ዘፈን ሊከፍትልኝ ሲል ከለከልኩት። "ሰው ሲያወራ አሰማኝ፣ ያውም ቀስ አድርገህ" አልኩት። ዘፈንማ ማንም ስፒከር ያሳምረዋል። እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ የሚናገረው ሰው ቃሉ አንድ በአንድ ደረሰኝ። የቴሌቪዥናችንን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ስለነበር ገመዱ እንደሚገባም አየን።

"ይቺ ግን በብሎን ነው የምትታሰረው። በጥድፊያ አትነቀልም" አለ።

"ለሱ ብዬ ነው የወደድኳት።"

ካርቶኑን ተሸክሜ ስገባ ዶሮ የምታረባው ጎረቤታችን ደጇ ላይ ቆማ አየችኝና፣ "ደግሞ ገዛሽ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ" አለች። "ይቆረጥ፤ ደጃፉ ግን የኔ ነው" አልኳትና አለፍኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድሪል ተውሼ ግድግዳውን በሳሁት። እናቴ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣ፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ትላለች፤ ለኔ መሆኑ ነው። ቴሌቪዥኑንም ስፒከሯንም ከሱቄ ባመጣሁት ምርጥ ብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸው። ከዚያ ከፈትኩት።

ጉድ ሆንኩ። ሱቅ ውስጥ ጥርት ያለው ድምፅ እኛ ቤት ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እርስ በርሱ ተደበላለቀ። ጉድጓድ የገባ ሰው የሚጣራ ነው የሚመስለው። እናቴ ገብታ አዳመጠችና፣ "በፊት ባልሰማም ሰላም ነበርኩ" አለች።

ተናድጄ ባለሱቁ ጋ ደወልኩና ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረግኩት።

"እማማ፣ ደህና ዋሉ? ቤትዎ መጋረጃ አለው?" አላት።

"አለኝ።"

"ምንጣፍስ?"

"አለኝ።"

"የት ነው ያለው?"

እናቴ ወደ ቋጠሮው ዞር አለች። "በር ላይ።"

"በር ላይ ምን ይሠራል? እማማ፣ ድምፅ ባዶ ግድግዳና ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይነጥራል፤ የሚይዘው ጨርቅ ነው። ይስቀሉት፣ ያንጥፉት። አይ ካሉ እቀይርልዎታለሁ፣ ባለ እጀታዋን ይውሰዱ። እሷን ጆሮዎ ሥር አልጋው ላይ ያስቀምጧታል።"

"ይኸው፣ ቀይሪው" አለችኝ ስልኩ ሲዘጋ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። "እማዬ፣ እኔ ይሄን ቤት የለቀቅኩት አንዴ ነው። አንቺ በየማታው ትለቂዋለሽ" አልኳት።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ውርጌሳ ሰው በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታን ምን ላይ ነው የተኛሽው? እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት።"

እውነቷን ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ንዴቴ በሷ አልነበረማ። አንዲት ሴት በስተርጅና ቤቷን በበር ላይ ቋጥራ እንድትኖር ባደረጋት ነገር ነው የምናደደው፣ አሁንም እናደዳለሁ።

ስፒከሯን አልመለስኳትም። ቋጠሮውንም በእጄ አልነካሁም። ቋጠሮው የሷ ነው፣ ብሎኑ የኔ። ማታ ማታ ያንኑ ጉድጓድ ከፍተን እንቀመጣለን፤ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሌለ እናቴ ድራማው ሲያልቅ እጇ ሥራ ፈትቶ ትቀመጣለች። ለማንኛውም ብላ ግን የቴሌቪዥኑን ካርቶን አልጋ ስር እንደያዘችው ነው።

አንድ ማታ ስንጠብቀው የከረምነው ክፍል ደረሰ። የድራማዋ ልጅ እውነተኛ አባቷ ማን እንደሆነ ልትሰማ ነው። አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ አፉን ከፈተ፣ ስሙን ተናገረ፣ ስሙም ግድግዳችን ላይ ተላትሞ ጠፋ። ልጅቷ ራሷን ሳተች። ክፍሉ አለቀ።

"ማን? ማን አለ?" አለች እናቴ ክንዴን ይዛ።

"እኔም አልሰማሁም።"

"እንዴት አትሰሚም? አንቺ ጆሮ አለሽ አይደል እንዴ?"

እውነቴን ነበር፣ አልሰማሁም። ስድብ ይሁን ምርቃት ያለየለት ነገር እያጉተመተመች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጠዋት ስወጣም ቡናዬን አስቀመጠችልኝ እንጂ አላናገረችኝም።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመለስ ጎረቤታችን ደጅ ላይ አንድ የማውቀው ካርቶን አየሁ። ጎኑ ላይ የቴሌቪዥን ሥዕል አለበት። ውስጡ ጭድ ተጎዝጉዞ ዶሮዋ ከነጫጩቶቿ ተኝታበታለች። እግሬ ፈጠነ።

በራችን አጠገብ ምንም የለም። መጋረጃዎቹ ከነእጥፋታቸው መስኮቱንም ግድግዳውንም ሸፍነው ተሰቅለዋል። ወፍራሙ የአልጋ ልብስ በምስማር ተይዞ ከአልጋዬ በላይ ተንጠልጥሏል። ምንጣፉ ሲሚንቶው ላይ ተነጥፏል፤ የውርጌሳ ጭቃ ጥጉ ላይ ደርቆ አሁንም ይታያል። እናቴ መቀመጫው ላይ ተደላድላ፣ ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የትናንቱን ክፍል በድጋሚ ታያለች። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያንዳንዱ ቃል ይሰማኛል። እንዳላለቅስ ብዬ ነገር ፈለግኳት።

"እማዬ፣ ካርቶኑንም ሰጠሽው? ነገር ቢመጣስ በምን ይዘነው እንወጣለን?"

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

"መውጣት ከፈለግሽ አንቺ ውጪ" አለች። "እኔ ድራማዬ አላለቀም።"